ከዘቢዳር ወዲህና ወዲያ፦ የምንጠጣው ውሃና የልጆቻችን ጥርስ

ለወልቂጤና ለቡታጅራ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ጥርስ ለመነጋገር መሰብሰባችን ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ጥርስ ካላመመ አይታወስም፤ ሲያም ደግሞ አስነቅሎ መገላገል ነው የተለመደው። እኔ ግን ትንሽ ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም። ጥርሱን ያመመው ልጅ ሌሊቱን አይተኛም፤ ጠዋት ክፍል ቢገባም ትምህርቱን አይሰማም፤ የቀረበለትን እህል በወጉ አይበላም። ጥርሷ የበለዘ ልጃገረድ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከሁሉ የሚቆጨው ሁለቱም ጉዳቶች በአብዛኛው አስቀድሞ መከላከል የሚቻሉ መሆናቸው ነው።

ዛሬ የምናገረው ፍሎራይድ ስለሚባል፣ ከዓለት ሟሙቶ ወደ ውሃችን ስለሚገባ ማዕድን ነው። ነገሩ በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ይታወቃል፣ የሚጠቅመው በልኩ ሲሆን ብቻ ነው። ፍሎራይድ ሲያንስ ጥርስ አንድ ጠባቂውን ያጣል። ሲበዛ ገና በመሠራት ላይ ያለውን የልጅ ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛ ደግሞ አጥንትን ያጎብጣል። በጉራጌ ምድር ለዚህ ጉዳይ የተለየ ትኩረት መስጠት ያስፈልጋል፤ ከዘቢዳር ተራራ ወዲህና ወዲያ ያለው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለምና። ስለዚህ የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው፦ በቅድሚያ የምትጠጡትን ውሃ እወቁ፤ የልጆቻችሁንም ጥርስ በዚያው ልክ ጠብቁ።

ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

የጉራጌ ተራሮች የውሃ መክፈያ ናቸው። ከዘቢዳርና ከአጎራባች ከፍታዎች ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ እንደ ዋቤ ባሉ ወንዞች በኩል ግቤን ተቀላቅሎ ወደ ኦሞ ይዘልቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤ በዚህ ወገን ናት። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ቡታጅራ በዚህኛው ወገን፣ ከተራራው ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ከቡታጅራ ወደ ማረቆ፣ ወደ ቆሼ ዝቅ እያልን በሄድን ቁጥር ወደ ሸለቆው ወለል እየገባን ነው። ለቡታጅራ ቅርብ የሆነውን የሀረ ሸይጣን ሐይቅ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። የምንኖርበት ምድር በእሳት የተሠራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የስምጥ ሸለቆው ወለል ከእሳተ ገሞራ በወጣ አመድ፣ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይና በሌሎችም ፍሎራይድ በሚይዙ ዓለቶች የተሞላ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ በእነዚህ ዓለቶች መካከል ሲጓዝ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። ጉዞው በረዘመ፣ ከመሬት ሥር ባለው ሙቀትም ውሃው በሞቀ መጠን የሚሟሟው ይበዛል። አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። ካልሲየም በብዛት ባለበት ውሃ ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱን የሚይዝለት የለም፤ ሟሙቶ ይቀራል። በደጋው በኩል ነገሩ ይለያል። ዝናቡ ብዙ ነው፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፣ ከዓለቱ ጋር የሚቆይበት ጊዜም አጭር ነው። በዚህም ምክንያት የደጋው ምንጭና ጉድጓድ በአብዛኛው ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። የሥነ ምድርና የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ተናለም አየነው በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ የማዕከላዊውን ስምጥ ሸለቆና የአጎራባቹን ደጋ ልዩነት መርምረው አሳይተዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ተነስተን «የወልቂጤ ሰው አያሳስበው፣ የቡታጅራ ሰው ይፍራ» ብለን ብንደመድም ግን እንሳሳታለን። አንደኛ፣ ዝቅተኛ ፍሎራይድም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ያጥራል። ሁለተኛ፣ በተራራው ግርጌ ያለ ጉድጓድ ከተራራው የሚወርደውን ውሃ ስለሚያገኝ ከሸለቆው ወለል ጉድጓድ በጣም ሊሻል ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር በማይራራቁ ሁለት ጉድጓዶች መካከል እንኳ ትልቅ ልዩነት ይገኛል። ስለዚህ የሰፈራችን ስም ምንም አይነግረንም። የሚነግረን የየጉድጓዱ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን እንዴት እንረዳው?

የውሃ ላቦራቶሪ ፍሎራይድን የሚለካው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለው ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ የኢትዮጵያም የመጠጥ ውሃ ደረጃ ወሰኑን በዚሁ 1.5 ላይ አድርጎታል። ከ0.5 እስከ 1 ባለው ገደማ ውሃው ለጥርስ ይጠቅማል። ከ1.5 ሲያልፍ የልጆች ጥርስ የመበለዝ ዕድሉ እያደገ ይሄዳል። ከ3 እስከ 6 ያለውን ለረጅም ዓመታት መጠጣት አጥንት ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ደግሞ ሰውን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው፣ ፍሎሮሲስ የሚባለው የአጥንት በሽታ ሊከተል ይችላል።

ፍሎራይድ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም። እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ቀዝቃዛና ጣፋጭ የጉድጓድ ውሃ በፍሎራይድ የተሞላ ሊሆን ይችላል። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ ደግሞ ሌላ በሽታ ቢያመጣም ፍሎራይድ ላይኖረው ይችላል። በዓይንና በምላስ የሚለይ ነገር አይደለምና ማስመርመር ግድ ነው።

በልኩ የሚጠቅም መሆኑ እንዴት ታወቀ?

በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሥራ ሲጀምር፣ የከተማዋ ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ከሌላ ቦታ አድገው የመጡት ሰዎች ጥርስ ግን ደህና ነበር። ነገሩን ለዓመታት ሲከታተል ሌላ የሚያስገርም ነገር አየ፤ የበለዘው ጥርስ እንደሌላው አይቦረቦርም ነበር። ምክንያቱ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቢጠረጥርም ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ1931 ቸርችል የተባለ ኬሚስት ፍሎራይድ መሆኑን ለየው። ከዚያ ትሬንድሊ ዲን የተባለው የመንግሥት ጤና ተመራማሪ ከተማ ከከተማ እያነጻጸረ ባደረገው ጥናት፣ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ጥርሱ ሳይበላሽ መቦርቦሩ በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በ1945 ግራንድ ራፒድስ የምትባለው ከተማ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና በቧንቧ ውሃዋ ላይ ፍሎራይድ በልኩ መጨመር ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ በተወለዱት ልጆቿ ላይ የተቦረቦረ ጥርስ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

በእኛ አገር ቧንቧ ውሃ ላይ ፍሎራይድ የሚጨምር የለም። በውሃችን ያለው ሁሉ ከዓለቱ የመጣ ነው። ልኩን የወሰነልንም ተፈጥሮ ነው፤ ተፈጥሮ ደግሞ ለአንዱ አሳንሳ ለሌላው አብዝታ ሰጥታለች።

ወንጂ ያስተማረችን

የመብዛቱን ጉዳት በአገራችን ከሁሉ ቀድማ ያየችው ወንጂ ናት። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር ከልዩ ልዩ አካባቢ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ወደ ሸንኮራ እርሻው ጎረፉ፤ ብዙዎቹም ከደቡብ የመጡ ነበሩ። የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ጉድጓዶች ፍሎራይዱ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም ያልፍ ነበር። በእርሻው የተወለዱት ልጆች ጥርስ በለዘ። ውሃውን ከአሥር ዓመት በላይ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል አንገታቸውን ማዞር የማይችሉ፣ ወገባቸው የደረቀ፣ በመጨረሻም እግራቸው የከዳቸው ሰዎች ታዩ። ሕይወታቸውን በጉልበታቸው ለመለወጥ የመጡ ሰዎች ጉልበታቸውን ያጡት በጠጡት ውሃ ነው። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች የከፈሉትን ዋጋ ሌላ ሰው ድጋሚ እንዳይከፍል ነው።

ይህን ችግር በአገር ደረጃ ካጠኑት ግንባር ቀደሙ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። የቡታጅራ አካባቢ ሰዎች በሌላም ሥራቸው ሊያውቋቸው ይገባል፤ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት ከ60,000 በላይ ሕዝብ ውስጥ የነርቭ በሽታዎችን ያጠናውን ቡድን የመሩት እሳቸው ናቸው። በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ጥርሳቸው የፍሎራይድ ምልክት ነበረበት፤ 32 በመቶዎቹ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነበር።

ከወንጂ አካባቢ የተገኘ ሌላ ጥናት አንድ የቆየ ግምት ያርማል። «የበለዘ ጥርስ ቢያስቀይምም ጠንካራ ነው፣ አይቦረቦርም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2004 ያወጡት ጥናት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን በሁለት አካባቢዎች አነጻጸረ፦ መጠነኛ ፍሎራይድ ባለበትና በሊትር ከ10 እስከ 14 ሚሊ ግራም በሚደርስበት። ከፍተኛ ፍሎራይድ ባለበት አካባቢ የተቦረቦረ ጥርስ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ አያስቸግርም። ፍሎራይድ እጅግ ሲበዛ የጥርሱ ሽፋን በደንብ ሳይጠነክር ይወጣል፤ ይሸረፋል፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል፣ በዚያም ውስጥ ምግብና ጀርም ይደበቃል። ኮሎራዶ ላይ የታየው ጥቅም በልኩ የተወሰነ ነው፤ ከልክ ያለፈ ብልዝ ጥርስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ጥርስ የሚቦረቦረው እንዴት ነው?

ብዙ ቦታ «ጥርሱን ትል በላው» ይባላል፤ ትሉን በጭስ እናወጣለን የሚሉም አሉ። በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ያለው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ጀርሙ ከጥርስ ላይ በሚጣበቀው ልስልስ ቆሻሻ ውስጥ ይኖራል፤ ስኳር ባገኘ ቁጥር ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣል። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ቀስ ብሎ አሲዱን ያለዝባል፣ የወጣውንም ማዕድን ይመልሳል፤ ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ፍሎራይድ የሚሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው። በምራቅና በጥርሱ ገጽ ላይ ትንሽ ፍሎራይድ ካለ ማዕድኑ ቶሎ ይመለሳል፤ አዲስ የሚሠራው ሽፋንም አሲድን ከቀድሞው በተሻለ ይቋቋማል።

እንግዲህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ የሚጎዳው በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ መግባቱ ነው። ልጅ አንዴ ከምግብ ጋር ጣፋጭ ሻይ ቢጠጣ ምራቁ ጥርሱን ይጠግንለታል። ጠዋት በስኳር ሻይ፣ ረፋድ ላይ ከረሜላ፣ ከሰዓት ብስኩት፣ ማታ ለስላሳ የሚያዘወትር ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ጥርሱ በአሲድ ውስጥ ነው። በትልልቆቹም ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ ጫት የሚቅም ሰው ለብዙ ሰዓት በስኳር ሻይ ወይም በለስላሳ ያወራርዳል፣ አፉም ይደርቃል። ምራቅ በሌለበት ስኳር ሲመላለስ ጥርስ አይቆምም። የአያቶቻችን ማዕድ ለጥርስ የተስማማ ነበር፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ክትፎ በራሳቸው ጥርስ አይጎዱም። የጎዳን ከሱቅ የመጣው ጣፋጭ ነው። ይህ ምክር ለወልቂጤም ለቡታጅራም፣ ለደጋም ለቆላም እኩል ነው።

የውሃው ፍሎራይድ ዝቅ ባለበት

በደጋው በኩል፣ ውሃው ጥርስን ለመጠበቅ የሚበቃ ፍሎራይድ በሌለበት፣ ሥራውን የሚሠራው የጥርስ ሳሙና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ማለት ከሳሙናና ከሽቶ ተርታ ወጥቶ ከመድኃኒት ተርታ ገብቷል ማለት ነው። ስትገዙ ቱቦውን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ፤ ካልቻላችሁ ልጃችሁ ያንብብላችሁ። ሶዲየም ፍሎራይድ ወይም ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት የሚል መኖር አለበት፤ መጠኑም ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ቢሆን ይመረጣል። አንዳንዱ «ከዕፅዋት የተሠራ» እየተባለ የሚሸጠው ፍሎራይድ የለውም፤ ሽታው ቢያምርም የምንፈልገውን ሥራ አይሠራልንም።

አራት ዓመት የሆነውን ልጅ እንዴት እንደምትቦርሹለት ላሳያችሁ። ቡርሹ ትንሽና ለስላሳ ይሁን። ሳሙናውን እናንተ ጨምሩ፤ መጠኑ ከአንዲት አተር አይበልጥ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የአንዲት ፍሬ ሩዝ ያህል ይበቃል። ልጁን ጀርባውን ወደ እናንተ አድርጎ አቁሙት፣ ጭንቅላቱን ደረታችሁ ላይ ያሳርፍ፤ በአንድ እጃችሁ ከንፈሩን ገለጥ አድርጉ። ድዱና ጥርሱ ከሚገናኙበት ጀምራችሁ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ሂዱ። የኋላዎቹን መንጋጋዎች የሚያኝኩበትን ገጽ አትርሱ፤ የልጅ ጥርስ አብዝቶ የሚቦረቦረው እዚያ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ከቦረሻችሁ በኋላ ምራቁን አስተፉት፤ በብዙ ውሃ ግን አታጉመጥሙጡት፤ ጥርሱ ላይ የሚቀረው ጥቂት ፍሎራይድ ነው ሌሊቱን የሚጠብቀው። ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለብቻው አትተዉት። ማታ ከመተኛቱ በፊት የሚደረገው ከሁሉ ይበልጣል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ያንሳልና።

መፋቂያስ? መፋቂያ መልካም ልማዳችን ነው። ወይራው፣ ክትክታው፣ ልምጩ በአግባቡ ከተፋቀ ቆሻሻውን ያነሳል። የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው። ቡርሽ መግዛት የሚከብደው ሰው በመፋቂያው ጫፍ ላይ ትንሽ የጥርስ ሳሙና አድርጎ ቢጠቀም ሁለቱንም ያገኛል።

የውሃው ፍሎራይድ ከፍ ባለበት

አሁን ወደ ሸለቆው ልውረድ። ጥርስ ከመውጣቱ በፊት መንጋጋ ውስጥ ይሠራል። የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ሽፋን በአብዛኛው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው፤ ከመጨረሻው መንጋጋ በስተቀር የሌሎቹም እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ያልቃል። ልጅን የሚያበልዘው በእነዚህ ዓመታት የጠጣው ነው። በሃያ ዓመቱ ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ አጥንቱ ግን ከአደጋ ነፃ አይደለም። በልጅነቱ የበለዘ ጥርስ ደግሞ አይመለስም፤ ሐኪም ሊሸፍንለት ይችላል እንጂ። ስለዚህ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ባለበት ቀበሌ የሚገኘው ጥቂት የተሻለ ውሃ ለማን ይሰጥ ቢባል፣ መልሱ ስምንት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ነው፤ ለመጠጣቸውም ለሚበሉት ምግብ ማብሰያም።

ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ክሎሪን መጨመር ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። በነጠላ ማጥለል፣ በእንስራ ማስቀመጥ፣ ማቀዝቀዝ ምንም አይለውጡም። ሻይም ያክልበታል፤ የሻይ ቅጠል ፍሎራይድን ከአፈር የሚሰበስብ ተክል ስለሆነ ከፍተኛ ፍሎራይድ ባለው ውሃ የተፈላ ሻይ ለሕፃን አይሰጥም።

የሚጠቅመውስ? የእናት ጡት ወተት ቀዳሚው ነው። እናቲቱ የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ቢበዛበትም ወደ ጡቷ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ማጥባት ልጁን ከተቅማጥም ከፍሎራይድም ይጠብቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ የውሃ ምንጭ ነው፦ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ሌላ ጉድጓድ፣ ከተራራው በቧንቧ የሚወርድ ምንጭ፣ በንጹሕ ጣሪያና ሮቶ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ። ወተትና አይብም ይረዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ካልሲየም ሰውነት የሚወስደውን ፍሎራይድ ይቀንሳል። ሌላ ምንጭ ከሌለ የማጣሪያ ዘዴዎች አሉ። ናልጎንዳ በተባለችው የህንድ ከተማ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉምና ኖራ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ አዝቅጦ ከላይ ያለውን መቅዳት ነው። ሌላው በከፍተኛ ሙቀት ከሰል የሆነ የእንስሳ አጥንት ፍሎራይዱን እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል። ሁለቱም የማያቋርጥ ክትትል ይፈልጋሉ፤ ከሰሉ ሲጠግብ ካልተለወጠ ውሃው እንደነበረው ያልፋል። የአጥንቱ ነገር ሲነሳ «የየትኛው እንስሳ ነው?» የሚል ጥያቄ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሥራው ሳይጀመር ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተማክሮ መልሱን በግልጽ መስጠት ያስፈልጋል።

በዚህ አካባቢ የጥርስ ሳሙና ይቅር ወይ? አይቀርም። ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀው ሳሙና የሚሠራው ጥርሱ ገጽ ላይ ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው ሲዋጥ ነው። ከላይ ያልኩትን መጠን መጠበቅ፣ ልጁን ማስተፋት፣ ቱቦውንም ከሕፃናት እጅ ማራቅ ይበቃል።

የበለዘውንና የተቦረቦረውን መለየት

ልጃችሁን ብርሃን ፊት አቁሙና አፉን እዩ። የፍሎራይድ ምልክት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ በቀኝ ያለው ጥርስ ላይ ካለ በግራ ባለው አቻው ላይም አለ። ቀለል ሲል ነጫጭ መስመር ወይም ደመና ይመስላል፣ ሲብስ ቡናማ ይሆናል፣ ሲከፋ ይሸረፋል። ቢፋቅም አይለቅም። መቦርቦር ግን አቻ አይጠብቅም፤ በመንጋጋ ጉድጓድና በጥርሶች መካከል ይጀምራል፣ ይለሰልሳል፣ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሲነካው ያማል። ብልዝ ያየ ሰው ውሃውን ያስመርምር። መቦርቦር ያየ ሰው ሳይዘገይ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ገና ሳለ ይሞላል፣ ከዘገየ ይነቀላል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፤ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን ቆርጦ «የወተት ጥርስ» ማውጣት በሽታውን አያድንም። ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ከሥር በመሠራት ላይ ያለውንም ጥርስ ያበላሻል። ልጁ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ሥራ ማስመርመር ነው፤ ከባድ አይደለም። ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ የምንለው፣ ይበቃል፤ የመስታወት ጠርሙስ ግን ፍሎራይዱ ከመስታወቱ ጋር ስለሚገናኝ አይመረጥም። ቧንቧውን ጥቂት ደቂቃ አፍስሱ፣ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ ሙሉት፣ የጉድጓዱን ወይም የቦኖውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። በበጋና በክረምት አንድ አንድ ጊዜ ቢደረግ ይሻላል። የውሃ አገልግሎት ሠራተኞቻችን ጉድጓድ ሲቆፈር የተለካውን ቁጥር ካቢኔት ውስጥ አታኑሩት፤ በቦኖው ላይ፣ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። ሕዝብ የሚጠጣውን የማወቅ መብት አለው። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምታጠኑ ወጣቶች ከየወረዳው የሚመጣ የውሃ ናሙና ብትለኩ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁም ለአገራችሁም የሚጠቅም ሥራ ትሠራላችሁ።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎች ከምሳ በኋላ አብረው የሚቦርሹበትን አሥር ደቂቃ ስጡ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠውን ከረሜላና ለስላሳም ከግቢው አርቁት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ስትናገሩ ስለ ውሃው ፍሎራይድ ንገሩ። አዲስ አበባና ሌላም ከተማ የምትኖሩ ልጆቻችን፣ ለመስቀል ወደ አገራችሁ ስትገቡ ለወላጆቻችሁና ለታናናሾቻችሁ ብዙ ነገር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከለስላሳውና ከከረሜላው ቀንሳችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ቡርሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ብትይዙ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ስጦታ ነው።

የጉራጌ ሕዝብ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመንገድ ሥራ ድርጅቱ አማካይነት ገንዘብ አዋጥቶ መንገዱን ራሱ ያሠራ ሕዝብ ነው። መንግሥት እስኪያደርግለት ሳይጠብቅ መንገድ ያወጣ ሕዝብ የየጉድጓዱን ውሃ ማስመርመር፣ ከተራራው ንጹሕ ምንጭ ወደ ቆላው ወንድሞቹ ማውረድ አያቅተውም። ለዚህ የሚያስፈልገን ሳይንስ በእጃችን ነው። በዚህ ዓመት የሚወለዱ ልጆቻችን ቋሚ የፊት ጥርስ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ይወጣል። የሚወጣው ጥርስ ንጹሕና ጠንካራ እንዲሆን የምናደርገው ግን ከአሁን ጀምሮ ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የምትጠጡበትን የቧንቧ ውሃ ቁጥር ጠይቁ።